ጫማ የሚገራው እግር

ማክሰኞ ነበር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። አለቃ ሰዓቱን የማትረሳው የቧንቧው ውሃ በሦስት ሰዓት ሄዶባት፣ በቀረቻት አንዲት ባልዲ የቱን አጥባ የቱን እንደምታሳድር ስትመርጥ ስለነበር ነው። የባሏን የግራ እግር ካልሲ ገለበጠችው። ከታች፣ የአውራ ጣቱ ሥር በሚያርፍበት በኩል፣ የጠርሙስ ክዳን የሚያህል ቀይ ዳማ ነገር ደርቆ ጨርቁን እንደ ካርቶን አድርጎታል።

ቀለም መሰላት። ጫማ ሰሪ ያገባች ሴት ሌላ ምን ይመስላታል? ከሙሽርነቷ ጀምሮ ያጠበችው ልብስ ሁሉ ወይ ጥቁር ቀለም፣ ወይ ቡኒ ቀለም፣ ወይ ማስቲሽ የነካው ነው። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ቀለም ቀለም ይሸታል። እንደገና አስጠጋችው። ቀለም አይሸትም። ሳሙና አድርጋ አሸችው። የቆዳ ቀለም ቢሆን ግትር ብሎ ይቀር ነበር፤ ይሄ ግን ለቀቀና ውሃውን አደፈረሰው። «ደም ይሆን እንዴ?» አለች። ወዲያው ደግሞ ራሷን ገሠጸች። «ደም ቢሆን ያመው ነበር። ቢያመው ደግሞ ይናገር ነበር። የኔ ባል የጥፍር መሰንጠቅ ችሎ የሚያድር ሰው ነው?» አለች። ካልሲውን ጨምቃ ገመዱ ላይ ሰቀለችና፣ ሌላውን ልብስ ትታ ቆማ አየችው።

ባሏን ሰፈሩ ሁሉ ልኩ ይለዋል። ጫማ ጨርሶ ለባለቤቱ ሲያስረክብ ከአፉ የምትወጣው ቃል ሁልጊዜ አንዲት ናት፤ «ልኩ ነው!» እሷን ደግሞ አለቃ ያላት እሱ ነው። ደንበኞች «መቼ ይደርሳል?» ብለው ሲይዙት፣ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መኖሪያ ቤት በመዶሻው እየጠቆመ «አለቃዬን ጠይቁ» ይላል። ሰውም ስሙን ወዶት አለቃ ሆና ቀረች።

ልኩ ጫማ ሰፍቶ ብቻ አይሰጥም፤ ይገራዋል። «አዲስ ጫማ እንደ በቅሎ ነው፣ ሳይገራ ለሰው አይሰጥም» ይላል። እግሩ መካከለኛ ስለሆነ የሰፈሩ ወንድ ግማሹ በእሱ ቁጥር ነው የሚጫማው። አዲሱን ጫማ ራሱ አጥልቆ ሁለት ሦስት ቀን ይውልበታል፤ ሱቅ ውስጥ ይንጎራደድበታል፣ ገበያ ይሄድበታል፣ ደረጃ ይወጣበታል። የቱ ጋ እንደሚቆረቁር፣ የቱ ጋ እንደሚልጥ፣ የትኛው ሚስማር ጫፉን እንዳሾለከ እግሩ ይነግረዋል። አውልቆ በመዶሻ ይመታል፣ በወስፌ ይነቅላል፣ መልሶ ያጠልቃል። «እጅ ይሳሳታል፤ ዓይንማ ሲሳሳት ነው የኖረው። እግር ግን አይሳሳትም።» የሴቶቹን ጫማ የምትገራለት አለቃ ናት። ሁለቱ የሰው ጫማ አጥልቀው አብረው ሲወጡ ጎረቤት ይተርባቸዋል።

«ልኩ! ዛሬ ደግሞ የማንን የሠርግ ጫማ ተጫምተህ ነው?»

«የአንተን የመገነዣ!»

እንዲህ ነበር ኑሯቸው፤ ስኳር እስኪመጣ።

ስኳሩ ከየት እንደመጣ ቤተሰቡ ጠንቅቆ ያውቃል፣ ወይም የሚያውቅ ይመስለው ነበር። አንድ ቀን ፍሬኑ የተበጠሰ የጭነት መኪና ቁልቁለቱን ወርዶ የሱቁን በር ከነመቃኑ ይዞ ገባ። ልኩ ዱካ መቀመጫው ላይ እንደተቀመጠ፣ መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ። መኪናው ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። እሱም ሾፌሩን ቀና ብሎ አየና «ምን ልታሠራ መጣህ? ሶል ነው ተረከዝ?» አለው። ይሄን እያወራ ብዙ ሰው አስቋል። ዓመቱ ሳይደፍን ግን ውሃ ጥም ያዘው፤ ሰውነቱ ከሳ፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ስኳር ነው ተባለ። እትዬ፣ ታላቅ እህቱ፣ ይሄን ስትሰማ ጭኗን መታች።

«ያኔ ነው! ያን ዕለት ደሙ ዞሮ ነው! አባታችን ነግሮናል፣ የተደበቀ ድንጋጤ ስኳር ይሆናል። አልቅሶ ቢያወጣው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ይሄው በቀልድ ዋጠው።»

ከዚያ በኋላ ልኩ እንዳይደነግጥ የሚጠበቅ ሰው ሆነ። አለቃ የመስኮቱን መጋረጃ አወፈረች፤ ሬዲዮ ዜና ሲጀምር ታጠፋለች፤ ድስት ከእጇ ቢወድቅ «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ! ድስት ነው!» እያለች ሮጣ ትመጣለች። ሰው ሲሞት በደረጃ ነው የምታረዳው። ሰኞ «አሞታል» ትላለች፣ ማክሰኞ «ጠንቶበታል»፣ ረቡዕ «እንጃለት»።

«አንቺ ሴት» ይላታል ልኩ፣ «ሞቶ ከሆነ ንገሪኝና ልቅሶ ልድረስ። ሰውየው እኮ ቤቱ ሞቶ አርፏል፤ እዚህ አንቺ ጋ ነው ሳምንት ሙሉ የሚያጣጥረው!»

በመድኃኒቱም የራሱ ሕግ ነበረው። ኪኒኑን የሚውጠው አፉ ሲደርቅና ሽንት ሲያመላልሰው ነው፤ ደህና ሲሆን ያሳርፈዋል። «ሁልጊዜ ካበላሁት ይለምደኛል። የለመደ መድኃኒት እንደለመደ ውሻ ነው፤ ሌባ ሲገባ ጭራውን ይቆላል» ይላል። ጠዋት ጠዋት መራራ ቅጠል ዘፍዝፎ ዓይኑን ጨፍኖ ይጨልጣል፤ ጣፋጭን የሚገድለው መራራ እንደሆነማ ለሕፃንም ግልጽ ነው። መርፌ የሚባለውን ግን ስሙን መስማት አይፈልግም። ታላቅ ወንድማቸው በዚሁ በሽታ ኪኒን እየዋጠ ዓመታት ኖሮ፣ መርፌ በተጀመረለት ዓመት ሞቷል። «መርፌ የመጨረሻው በር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጓሮ ነው፣ ጓሮው ደግሞ መቃብር» ትላለች እትዬ። አለቃም ይሄን አትጠራጠርም ነበር። ሟቹን በዓይኗ አይታዋለች፤ መርፌ ጀመረ፣ ሞተ። ምን የሚያሻማ ነገር አለው?

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ወጣት ናት፣ አንደበቷ ፈጣን። ልኩ በመጨረሻ የሄደ ጊዜ፣ «በየቀኑ የእግርዎን መዳፍ ይመልከቱ» አለችው። «አልታይ ካለዎት መስታወት መሬት ላይ አጋድመው ይዩት። በባዶ እግር አይሂዱ። ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይዳብሱ። የሚቆረቁር ጫማ እንዳያደርጉ።»

ልኩ ከት ብሎ ሳቀ። «ለማን ነው ስለ ጫማ የምትነግሪው ልጄ?» አላት። ሥራውን ሲነግራት እሷም ሳቀች፤ ወረፋው ረጅም ስለነበር ቀጣዩን ሰው ጠራች። ቤቱ ሲገባ አለቃ በር ላይ ጠበቀችው።

«እህስ፣ ምን አለችህ?»

«ስለ ደሜ ብጠይቃት ስለ ጫማ ታወራኛለች! ሥራዬን ስነግራት አብራኝ ሳቀች፤ ልታጫውተኝ ፈልጋ ነው። ደግ ልጅ ናት፤ አንድ ክፍት ጫማ ሠርቼ እወስድላታለሁ።»

«መስታወት ምናምን አላለችህም? ከአንተ ቀድማ ከጤና ጣቢያ የወጣችው ሴትዮ በዚህ ስታልፍ ስትናገር ሰምቻለሁ።»

«ብላኛለች። ግዢልኝ፣ ጢሜን እላጭበታለሁ።»

ገዛችለት። መስታወቷን ከመስኮቱ አጠገብ ሰቅሎ ጢሙን ተላጨባት።

በዚያው ሰሞን ነው የልኩ ደስታ የጀመረው። ጫማዎቹ መቆርቆር ተዉ። አዲስ ጫማ አጥልቆ ገና የመጀመሪያውን ቀን ሲውል እንደ ጥጥ ይለሰልስለታል። ሁለት ሦስት ቀን የሚፈጀው መግራት በአንድ ቀን ያልቅ ጀመር፤ አንዳንዱን ለወጉ ያህል ብቻ ነው የሚጫማው። «አለቃ» ይላታል፣ «እጄ እኮ ገና ዘንድሮ በሰለ! አባቴ "ዕድሜህ ሲገፋ ቆዳው ራሱ ይታዘዝሃል" ይለኝ ነበር። ቀልዱን ይመስለኝ ነበር።» ሥራ ላይ እያለ ማንጎራጎር ለመደ። እሷም ደስ አላት። የሚያንጎራጉር ሰው አይደነግጥም፤ ያልደነገጠ ሰው ስኳሩ አይወጣም።

እንግዲህ ያ ካልሲ የመጣው በዚህ ደስታ ላይ ነው።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ልኩ ምሳውን በልቶ ጋደም አለ። እንቅልፍ ሲጥለው አለቃ በግርጌው በኩል ተንበርክካ የግራ ካልሲውን ቀስ አድርጋ አወጣችው፤ ከውስጥ እግሩ ላይ ቆዳ ተያይዞ መጣ። ልኩ አልተነቃነቀም። ከአውራ ጣቱ ሥር ቁስል አለ። ዳር ዳሩ ነጭና ደረቅ ነው፣ የከረመ ይመስላል፤ መሃሉ ግን ቀይና ትኩስ ነው፣ ባቄላ የምታህል ጉድጓድ። ሽታ አለው። ልትቀሰቅሰው እጇን ዘረጋች፤ መለሰችው።

ብትነግረው ይደነግጣል። ከደነገጠ ስኳሩ ሽቅብ ይወጣል። በሦስተኛው ቤት ያለው አናጢ ልጁ ታሰረ ሲባል ስኳሩ ወጥቶ እዚያው የወደቀው መቼ ነው? ባትነግረውስ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ግን ይሄ ተረት የሚለው በሽታውን ስለደበቀ በሽተኛ ነው፤ በሽታው ራሱ ለበሽተኛው ሲደበቅ ምን እንደሚባል የነገራት የለም። ካልሲውን መልሳ አጠለቀችለት፤ በሩን ገርበብ አድርጋ እትዬ ቤት ሄደች።

እትዬ ነገሩን ስትሰማ ፊቷ በራ።

«ወጣ በይኛ!»

«ምኑ?»

«በሽታው ነዋ! ከውስጥ ወደ ውጭ መጣ ማለት እኮ ነው። ድንጋጤው በቀልድ ተቀብሮ ቆይቶ፣ ይሄው መውጫ አገኘ። ተይው ይውጣ። በጨው ውሃ እጠቢለት፣ እንዳትሸፍኚበት። ደግሞ ለእሱ እንዳትነግሪው፣ ከደነገጠ መልሶ ይገባል።»

«እንዴት ሳልነግረው እግሩን አጥባለሁ እትዬ?»

«ሚስቱ አይደለሽም እንዴ? ዘዴ አጣሽ?»

ማምሻውን አለቃ ሳፋ ሙሉ ለብ ያለ የጨው ውሃ ይዛ ዱካው ፊት ተቀመጠች። ልኩ መዶሻውን አስቀምጦ አያት።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ባሌን ላጥበው ፈልጌ።»

«ከተጋባን ወዲህ ያልታየ ነው! እስቲ ቀድመሽ ንገሪኝ፣ ምን ልታስገዢኝ ነው?»

«ዝም በል፣ እግርህን አምጣ።»

እየሳቀ ሰጣት። እሷም ዓይኗን ከፊቱ ሳትነቅል በጣቷ ቁስሉ ዙሪያ ዳበሰች። ፊቱ አልተለወጠም። ጫን አለች። አልተለወጠም። እንደመሞከር ብላ የጥፍሯን ጫፍ ቁስሉ ጠርዝ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ምንም አይልህም?»

«ምኑ?»

«እዚህ ጋ። የነካሁህ።»

«ነክተሽኛል እንዴ? ቁርጭምጭሚቴን የያዝሽኝ መስሎኝ።»

አለቃ አንገቷን ደፍታ ማጠቧን ቀጠለች። ነገሩ ዞረባት። የሚያመው ቁስል ክፉ ነው፤ ይሄን ከልጅነቷ ታውቃለች። የማያመው ግን ምንድን ነው? ሊድን የደረሰ? ወይስ እትዬ እንዳለችው ወጥቶ ያለቀ? ታዲያ ሽታው ለምን? ልኩ ከላይ ሆኖ የጀመረውን ጫማ ሶል ይቀጠቅጣል፤ የፖስተኛውን ጫማ ጠዋት አስረክቧል፣ «መንገድ ይበዛበታል ብዬ ቅዳሜ አጥልቄው እስከ ሰኞ ተጫማሁት፣ አንዴም ቆርቁሮኝ አያውቅም። ላባ!» ይላል። እሷ የምትሰማውም የማትሰማውም አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ለገበያ ብላ ወጥታ ጤና ጣቢያ ገባች። ነርሷ ወረፋ ስታስተናብር ቆይታ ወደ እሷ መጣች።

«እማማ፣ ዛሬ ለእርስዎ ነው?»

«ለእኔ አይደለም ልጄ። እግሩ ላይ… ቁስል ነገር አለ። ግን አያመውም። ጫንኩት፣ በጥፍሬ ቧጨርኩት፣ ምንም አይለውም። ደህና ምልክት ነው አይደል?»

የነርሷ እጅ ከያዘችው ካርድ ላይ ቆመ። «ዛሬ ያምጡልኝ። አሁኑኑ።»

«ይደነግጣላ!»

«እማማ፣ ይስሙኝ። ስኳር ሲቆይ የእግርን ስሜት ይገድላል። ሚስማር ቢገባበት አያውቅም። ፍም ቢረግጥ አያውቅም። የሚያመው ቢሆን ኖሮ እኔ እንዲህ አልልዎትም ነበር።»

«ያመመው ይሻል ነበር ነው የምትይኝ?»

«በጣም ይሻል ነበር።»

«አልገባኝም» አለች አለቃ፤ እውነቷን ነው፣ አልገባትም። «ታዲያ እኛ ሰው መታመሙን በምን እንወቅ? ካመመው ታሟል፤ ካላመመው ድኗል። ሌላ ምን አለ?»

«ለዚህ እኮ ነው በመስታወት እዩ ያልኩት። ለባለቤትዎ በደንብ ነግሬያቸዋለሁ።»

«መስታወቱማ አለ» አለች አለቃ፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱ ረዘመባት። ነርሷ ተምራለች፤ ግን ልጅ ናት። እትዬ አልተማረችም፤ ግን ወንድም ቀብራለች። አንዷ ድንጋጤ ነው ትላለች፤ ሌላዋ ስለ ድንጋጤ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አንዷ ይውጣ ተይው ትላለች፤ ሌላዋ አሁኑኑ አምጪው። ሁለቱም እንዲተርፍላት ነው የሚመክሯት። ሱቁ ጥግ ስትደርስ የራሷ እግር ቆመ፤ በየት በኩል እንደምትገባ፣ በሱቁ በር ይሁን በጓሮው፣ ለመወሰን እንኳ አቃታት። ከውስጥ የልኩ ድምፅ ይሰማል።

«ሊሆን አይችልም ስልህ!»

በሱቁ በር ገባች። ፖስተኛው አንድ እግሩን በካልሲ አድርጎ ቆሟል፤ የግራ ጫማው በእጁ ነው። ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚዞር ሰው ስለሆነ የዚህ ሱቅ ቋሚ ደንበኛ ነው።

«ጋሽ ልኩ፣ አትቆጣኝ እንጂ ከማክሰኞ ጀምሮ እየወጋኝ ነው። እዚህ፣ ከአውራ ጣቴ ሥር። መጀመሪያ የእኔ እግር ነው ብዬ ነበር፣ ልኩ የገራው ጫማ አይወጋም ብዬ።»

«አይወጋማ! ሦስት ቀን ሙሉ ተጫምቼዋለሁ። አምጣው እስቲ።»

ልኩ ጫማውን ተቀብሎ እግሩን አስገባበት። ተነሳ። ከበሩ እስከ ጓዳው መጋረጃ ተንጎራደደ፤ ተመለሰ። ሲሚንቶው ላይ ጠንከር አድርጎ ረገጠበት፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሳቀ።

«ልኩ ነው! ላባ! አንተ ልጅ እግርህ ወፍሮ ነው።»

ፖስተኛው ግራ ተጋብቶ ወደ ራሱ እግር አየ። «ይሆን ይሆናል…» አለ።

«አውልቀው» አለች አለቃ።

«ምን?»

«አውልቀው አልኩህ!»

እሷ እንዲህ ጮኻበት አታውቅም፤ መኪናው ከገባ ወዲህ በዚያ ቤት የጮኸ ሰው የለም። ልኩ ተቀመጠና አወለቀ። አለቃ የመንገድ ልብሷን ሳትቀይር ተንበረከከች፤ እጇን ጫማው ውስጥ አስገብታ የውስጡን ንጣፍ ዳበሰች። ስታወጣው የመሃል ጣቷ ደም አንጠልጥሏል። ከንጣፉ ወጣ ያለች የሚስማር ጫፍ፣ ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ። ፖስተኛው ግን የእሷን ጣት አላየም። ሲሚንቶውን ነው የሚያየው። ልኩ ከጫማው አውጥቶ ያሳረፈው ባለካልሲ እግር ሥር ቀይ እርጥበት ወለሉ ላይ ታትሟል።

«ጋሽ ልኩ… እግርህ…»

ልኩ ጎንበስ ብሎ አየና «ቀለም ነው» አለ።

«ቀለም አይደለም» አለች አለቃ። «እኔም ቀለም መስሎኝ ነበር።»

ካልሲውን አወለቀችለት። ሮጣ ከመስኮቱ አጠገብ መስታወቷን ነቀለችና መሬት ላይ አጋደመችለት። ልኩ የገዛ እግሩን መዳፍ አየው። ወዲያና ወዲህ እያዞረ አየው፤ የሌላ ሰው ጫማ እንደሚመረምር ዓይነት።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከማክሰኞ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳትደነግጥብኝ።»

አለቃ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። አሁን ይወድቃል፣ አሁን ላብ ያጠምቀዋል፣ አሁን ዓይኑ ይገለበጣል ብላ። አልወደቀም። የፖስተኛውን ጫማ አንስቶ የእጁን አውራ ጣት ሚስማሩ ላይ ጫነ፤ እጁ ወዲያው ሸሸ። ከዚያ ሚስማሯን በጉጠት ነቅሎ ጫፏን ጤነኛ በሆነው የእግሩ ቆዳ ላይ ጫናት። ምንም። ደግሞ ጫናት። ምንም። ያን ጊዜ ነው ፊቱ የተለወጠው፤ አለቃ መኪናው በገባ ዕለት እንኳ ያላየችው ፊት።

«ዘንድሮ ስንት ሰው አጫማሁ?» አለ።

«ምን?»

«"ልኩ ነው" ብዬ ያስረከብኩት። ክረምቱን ሙሉ። አንቺ፣ ስንቱን ሰው ነው ሚስማር ላይ ያቆምኩት?»

«እሱን ተወው አሁን፣ ተነስ እንሂድ።»

«ይቺ ልጅ እየቀለደች አልነበረማ» አለ፤ ነርሷን ማለቱ ነው። ፖስተኛው በአንድ እግር ጫማ ወጥቶ መኪና አመጣላቸው።

ነርሷ ቁስሉን ከፍታ አየችና ወደ ትልቁ ሆስፒታል ጻፈችላቸው። «ይሄ የአንድ ሚስማር ሥራ አይደለም። ቆይቷል» ብቻ ነው ያለችው። እዚያ ያለው ሐኪም በቀጭን ብረት ጉድጓዱን ሲለካ ብረቱ አጥንት ነካ፤ ድምፁን አለቃ ሰማችው። የእግሩ የፊት ክፍል ይቆረጣል፤ ካልሆነ ወደ ላይ ይወጣል አለ ሐኪሙ። ስኳሩ ደግሞ በኪኒን የሚመለስ አይደለም፤ መርፌ ከዛሬ ይጀመራል።

መቆረጡን ልኩ «እሺ» ብሎ ተቀበለ። መርፌ ሲባል ግን ወደ አለቃ ዞረ። እትዬ ወሬው ደርሷት መጥታ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች፤ በሩ ክፍት ስለነበር ትሰማለች።

«ወንድሜን አስወግተው ገደሉብኝ!» አለች ከውጭ። «ሁለተኛውን ካስወጋሽው በዓይኔ እንዳላይሽ!»

«ሐኪሙ ምን ያውቃል፣ እትዬ ምን ታውቃለች እያልኩ ጭንቅላቴ ዞረ» አለ ልኩ በዝግታ። «አለቃ፣ ምን ልበል?»

ሰው ሁሉ «አለቃን ጠይቁ» እየተባለ ሲላክባት ኖሯል፤ እሱ ራሱ የምሩን ሲጠይቃት ይሄ የመጀመሪያው ነው። አለቃ ሟች ወንድሙን አሰበች፤ መርፌ ጀመረ፣ ሞተ። ግን መርፌውን የጀመሩለት ለምን ነበር? ያኔስ ካልሲውን ያጠበ ሰው ምን አይቶ ይሆን? ይሄን ማንም አልጠየቀም፤ አሁን የሚጠየቅም የለም። የተወጋች የመሃል ጣቷን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። አመማት።

«እኔ እንጃ» አለችው። «በምናውቀው ስንሄድ እዚህ ደረስን። እስቲ ደግሞ በማናውቀው እንሂድ።»

«ትፈሪያለሽ?»

«በጣም።»

«እኔም» አለና ክንዱን ለሐኪሙ ዘረጋ። ኮሪደሩ ላይ የእትዬ ለቅሶ ተሰማ።

ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛው ወር ልኩ በምርኩዝ ወደ ዱካው ተመለሰ። ለጎደለው እግሩ የፊት ክፍሉን በጥጥና በስስ ቆዳ ሞልቶ ጫማ ሰፋ። ከማጥለቁ በፊት ውስጡን በእጁ ይዳብሳል፤ ከዚያ ለአለቃ ይሰጣታል፣ እሷም ትዳብሳለች። ክረምቱን ያስረከባቸውን ጫማዎች ግን በፖስተኛው አፍ እየላከ አስመለሳቸው። ሰዎቹ እያፈሩ መጡ። አንዱ ተረከዙ ተልጦ ነበር፤ አንዱ ጣቱ ጠቁሯል፤ አስተማሪው ጫማውን ሳጥን ውስጥ ከቶት አሮጌውን ይጫማል።

«ለምን መጥታችሁ አልነገራችሁኝም?» ይላቸዋል።

«ልኩ ገርቶታል ተባለ» አለው አስተማሪው። «ቢቆረቁረኝ ጥፋቱ የእኔ እግር ነው ብዬ።»

ልኩ ይሄን ሲሰማ አልሳቀም። ሁሉንም ፈታ፤ ሁሉንም እንደገና ሰፋ። መርፌውን ጠዋትና ማታ አለቃ ትወጋዋለች፤ መጀመሪያ ሰሞን መርፌውን እንደ ወስፌ ጨብጣ ትይዘው ነበር፣ እሱም «የጫማ ቆዳ መሰልኩሽ እንዴ» እያለ ይቀልድባት ነበር። ኪኒኑን እንደ ድሮው ማሳረፍ ተወ። መራራ ቅጠሉን ግን አልተወም፤ እሷም አልከለከለችውም፤ የትኛው እንደረዳው ማን ያውቃል?

በዓመቱ፣ የመጨረሻውን ጫማ መልሶ ባስረከበ ሰሞን፣ ልቡ ቆመ። ዱካው ላይ ተቀምጦ ነበር።

እትዬ ቀብሩ ላይ ለሰማ ሁሉ «መርፌው ነው፣ ነግሬያት ነበር» አለች። ነርሷ ደግሞ ዘግይቶ ስለመጣ ነው አለች። ፖስተኛው ዓመት ያስቆየው መርፌው ነው ብሎ ያምናል። አለቃ ሁሉንም ሰማች። አንዳንድ ጠዋት ድንጋጤው ይመስላታል፤ እሷ የደበቀችው ሳይሆን፣ ስንት ሰው ሚስማር ላይ አቆምኩ ያለበት። አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ያቺ ማክሰኞ ቀትር ዘርግታ የመለሰቻት እጅ ትመስላታለች። እንዲህ እያለች ልብስ ታጥባለች፤ ካልሲ ሳትገለብጥ ግን አትነክርም።

ባለፈው ዓመት እትዬም ስኳር ተገኘባት። መርፌውን እስካሁን አልጀመረችም። አለቃ በየጠዋቱ ያቺን የመላጫ መስታወት ይዛ እሷ ቤት ትሄዳለች፤ እትዬም እየተቆጣች እግሯን ትሰጣታለች።